ከግቢ በር እስከ መድረክ፦ ሴት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በታሪካችን



በየዓመቱ የአዲስ ገቢ ተማሪዎች ጥሪ ሲወጣ በመካከላችን የሚነሡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። አንሶላና ብርድ ልብስ ተሟልቶላታል? የመንገድ ገንዘብ አላት? ደብተሩ፣ ሳሙናው፣ የንጽሕና መጠበቂያው ተገዝቷል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ማኅበራችንም አቅሙ በፈቀደ መጠን መልስ ሲሰጥባቸው ቆይቷል። ልጅቷ ግቢ ከገባች በኋላ ያለው ግን እምብዛም አይነሣም። ከማን ጋር ታጠናለች? ከመመረቋ በፊት ሥራን የት ትለማመዳለች? ሰው ፊት ቆሞ መናገርን፣ ስብሰባ መምራትን፣ የጋራ ገንዘብ መያዝን ማን ያስተምራታል?

እነዚህን ጥያቄዎች ይዤ ወደ ኋላ ተመለከትኩ። በአገራችን የሴቶች የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ረጅም አይደለም፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያልቃል። አጭርም ቢሆን አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳየናል። የግቢውን በር የከፈቱት መንግሥትና ሕግ ናቸው። በዚያ በር ገብተው ለመጽናትና ለመምራት የበቁት ሴቶች ታሪክ ሲታይ ግን ከበሩ መከፈት በተጨማሪ ሦስት ነገሮች ይገኙበታል፤ አብሯቸው የሚጥር ጓደኛ፣ በትምህርት ላይ እያሉ የሠሩት ሥራ፣ በወጣትነታቸው የተሸከሙት ኃላፊነት። ከዚህ በታች የማቀርበው የዚህን ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ስድስት ኪሎ ላይ የተጀመረው

ዩኒቨርሲቲ ከመኖሩ በፊት የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። እቴጌ መነን አስፋው ስድስት ኪሎ ላይ የሴቶችን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1931፣ ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በኋላ የካቲት 12 ተብሎ የተጠራው ትምህርት ቤት ያ ነው። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅን አዳሪ ትምህርት ቤት ማስገባት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚባልበት ዘመን ነው፤ ለልጅቷ የሚታሰብላት ትዳር እንጂ ደብተር አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ ያንን ትምህርት ቤት በዳይሬክተርነት የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ፤ ነቀምቴ አስተማሩ፤ ጠላት ሲገባ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ሆኑ፤ ተማርከውም ወደ ጣሊያን ተግዘው አሲናራ ደሴት ላይ ታሰሩ። ነፃነት ሲመለስ የተመለሱት ወደ ማስተማር ነው፤ መጀመሪያ ደሴ፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ። በ1950 በተደረገው የፓርላማ ምርጫ ተወዳድረው በማሸነፍ በአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ፤ የምክር ቤቱ ምክትል አፈ ጉባኤም ነበሩ።

ስለ ወይዘሮ ስንዱ ሲወራ አርበኝነታቸውና የፓርላማ ወንበራቸው ይነሣል። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን ሌላ ሥራቸው ነው። ወይዘሮ ስንዱ ደራሲም ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸው መድረክ ላይ የሚጫወቱትን ተውኔት ይጽፉ ነበር። ይህ ለመዝናኛ ብቻ የሚደረግ ሊመስል ይችላል። በዚያ ዘመን ግን አንዲት ልጃገረድ እንግዳ በተሞላ አዳራሽ ቀና ብላ፣ ድምፅዋን አሰምታ መናገሯ ራሱ ትምህርት ነበር። ቤቷ የተማረችው ዓይኗን መስበርና ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ነው፤ አደባባይ ላይ መናገርን የሚያለማምዳት ሌላ ቦታ አልነበራትም። ያንን ልምምድ የሰጣት አንድ ቀን የሚፈጸም ንግግር ሳይሆን የሳምንታት ጥናት፣ የጓደኞቿ እርማትና የመምህሯ እምነት ነው።

ሠላሳ ሦስቱ

ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ሲወረድ አራት ኪሎ ይደረሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ሥራ የጀመረው እዚያ ነው። የመሩት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲያን ማት ሲሆኑ፣ ሲጀመር የነበሩት ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። በ1954 ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ፤ ኮሌጆቹም ተሰባስበው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ የምንለው ይህ ነው።

በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ሴት ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ምክንያቱ ከኮሌጁ በር በፊት ይጀምራል። አንደኛ ደረጃን የጨረሱት ልጃገረዶች ጥቂት፣ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት ከጥቂት ጥቂት ነበሩ። ብዙዎቹ በመካከል ተድረዋል፤ ሌሎቹም ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ቀርተዋል። እስከ ኮሌጅ የደረሰችው ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ ብቻዋን ነበረች ማለት ይቻላል። ብቸኝነት ደግሞ ለጥናት ትልቅ እንቅፋት ነው። ወንዶቹ ማታ ማታ በየመኝታ ክፍላቸው ተሰብስበው ይከራከራሉ፤ ያልገባውን ለሌላው ያስረዳሉ፤ የቀደመ ዓመት ፈተና ይለዋወጣሉ። እሷ ከዚያ ክበብ ውጭ ናት። የሚያጋጥማት ችግር የጭንቅላት ሳይሆን የወሬና የማስታወሻ ደብተር ጉዳይ ነው፤ የትኛው መምህር ምን ይወዳል፣ የትኛው መጽሐፍ ይነበባል፣ ፈተናው እንዴት ይመጣል የሚለው ከጓደኛ ወደ ጓደኛ የሚተላለፍ እንጂ በመማሪያ መጽሐፍ የሚገኝ አይደለም።

ከምረቃ በፊት የተሠራ ሥራ

በዚያ ዘመን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ዛሬም ልንቀናበት የሚገባ አንድ ነገር ነበር። ትምህርትና ሥራ እንደ ዛሬው አልተራራቁም ነበር።

በ1947 የተከፈተውን የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ እንውሰድ። እዚያ የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞች በአንድነት ይሠለጥኑ ነበር። የሥልጠናው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ነገ በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ዛሬ አብረው ይማሩ፣ ከመመረቃቸውም በፊት ገጠር ወርደው አብረው ይሥሩ። በማኅበረሰብ ነርስነት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች በየቤቱ እየገቡ እናቶችን አነጋግረዋል፤ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትለዋል፤ ክትባት ሰጥተዋል። አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ በማታውቀው መንደር የሽማግሌዎችን ፈቃድ አግኝታ ሥራ ስትጀምር፣ ያ ምንም ዓይነት የምስክር ወረቀት የማይተካው የአመራር ትምህርት ነው።

ዩኒቨርሲቲውም በ1957 የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለውን አስጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ እንዲያገለግል ግዴታ ነበር። አብዛኞቹ የተመደቡት በየአውራጃው ትምህርት ቤቶች በመምህርነት ነው። መጀመሪያ ላይ ያጉረመረመ ነበር፤ የምረቃ ጊዜውን አንድ ዓመት የሚያዘገይበትን ማን ይወዳል? ይሁንና የከተማው ተማሪ አገሩን ያየው፣ ጭሰኛው እንዴት እንደሚኖር የተገነዘበው፣ ደመወዝ ቆጥሮ መኖርን የለመደው፣ ሃምሳና ስድሳ ልጆች ፊት ቆሞ ማስተማርን የቻለው በዚያ ዓመት ነው። ለገጠሩ ልጃገረድም ትርጉም ነበረው። ከሰሌዳው ፊት ሴት መምህር ቆማ ስታይ «እኔስ?» የሚል ሐሳብ ያድርባታል።

አብዮቱ ሲፈነዳ በ1967 የታወጀው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በመላ አገሪቱ አሰማራ። ዘመቻው ከባድ ዋጋ ያስከፈለ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ትምህርት ተቋርጧል፤ በየዘመቻ ጣቢያው ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። ያን ጊዜ እንዲመለስ የምንመኘው አይደለም። ከእነዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር መለየት እንችላለን። ተማሪን ሰው የሚያደርገው መጽሐፉን በሥራ የሚፈትንበት ጊዜ ማግኘቱ ነው። ዛሬ ተግባር ልምምድ ወይም ኢንተርንሺፕ የምንለው ብዙ ጊዜ ሁለት ወር ይሞላል፤ ቦታውን የሚያገኘውም ዘመድ ያለው ነው። ወላጆቿ ገበሬ የሆኑ ልጅ መሥሪያ ቤት የሚያስገባት አታውቅም፤ ደብዳቤዋን ይዛ ከበር ትመለሳለች።

ስብሰባው የማን ነበር?

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የነበረው የተማሪዎች ማኅበር የአንድ ትውልድ የአመራር ትምህርት ቤት ነበር። ወጣቶቹ እዚያ ክርክር ተለማመዱ፤ ጋዜጣ አዘጋጁ፤ ምርጫ አካሄዱ፤ ቃለ ጉባኤ ጻፉ። በኋላ አገር የመሩትም፣ አገር የተቃወሙትም ብዙዎቹ በዚያ መድረክ የሠለጠኑ ናቸው። ሴቶች በዚያ ውስጥ ነበሩ፤ በሰልፉም በእስሩም ተካፍለዋል። መድረኩን የያዙት ግን በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ።

ይህንን የሚያሳይ አንድ ታሪካዊ ክስተት አለ። በመጋቢት 1960 በዩኒቨርሲቲው ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ተማሪዎች «ይህ የባዕድ ባህል ነው» ብለው ተቃወሙ፤ ተቃውሞው ወደ ረብሻ ተለወጠ፤ ወደ ትርዒቱ የመጡ ሰዎች ተንገላቱ፤ ነገሩም ሰፍቶ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። ስለ ባህልና ስለ ውጭ ተጽዕኖ የተነሣው ጥያቄ በራሱ ሊከበር የሚገባው ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበው፣ ሴት ተማሪ ምን ትልበስ፣ ምን ታሳይ የሚለውን በከፍተኛ ድምፅ የተከራከሩበት በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸው ነው። ስለ ሴቶቹ ተወራ፤ ሴቶቹ ሲናገሩ የተሰማው ግን ጥቂት ነው።

ዛሬም በየግቢው የምናየው የቡድን ሥራ የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። አምስት ተማሪ ይመደባል፤ አንዷ ሴት ናት። ጽሑፏ ጥሩ ነው ተብሎ ጸሐፊ ትሆናለች፤ ሌሊት ተቀምጣ አሳይንመንቱን ታጠናቅራለች። የማቅረቢያው ቀን ሲደርስ ቆሞ የሚያቀርበው ሌላ ነው። ውጤቱ ለሁሉም እኩል ይሰጣል። አራት ዓመት እንዲህ ካለፈች፣ በዕውቀት ባታንስም ከመድረክ ግን አራት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታለች።

ከሕግ ትምህርት ቤት የወጡት

ቀጣዩ ምዕራፍ የሚያሳየን በሙያ መደራጀት ምን እንደሚያመጣ ነው። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የተወለዱት አሶሳ ነው። በ1978 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ፤ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛም ሆኑ። ሴት የሕግ ባለሙያ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ፣ ሁለት በሆነችበት በዚያ ጊዜ፣ በ1987 እሳቸውና የሙያ ጓደኞቻቸው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ሰጠ፤ ፍርድ ቤት ቆመላቸው፤ ሕግ እንዲሻሻልም ተከራከረ።

በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የዚያ ጥረት ውጤት ያለበት ነው። ቀድሞ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻን በ15 ዓመት ይፈቅድ፣ ባልንም የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። አዲሱ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ፤ ባልና ሚስትን በቤታቸው አስተዳደር እኩል አደረገ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የ15 ዓመት ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሕጉ ሦስት ዓመት ሲጨምርላት ሁለተኛ ደረጃን የመጨረስና ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ጨመረላት። ቀድመው የተማሩ ጥቂት ሴቶች ተደራጅተው ለኋለኞቹ መንገድ ጠረጉ ማለት ነው። ወይዘሮ መዓዛ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ።

«በድጋፍ የገባች»

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ላይ ሴቶች በታሪክ የወረሱት የበታችነት እንዲታረም የድጋፍ እርምጃ እንደሚገባቸው ደነገገ። በከፍተኛ ትምህርትም ይህ ለሴቶች የመግቢያ ነጥብን ዝቅ በማድረግ ሥራ ላይ ዋለ። ዩኒቨርሲቲዎቹም በየክልሉ ተስፋፍተው ቁጥራቸው ከአርባ አለፈ። ከገጠር ወረዳ የመጣች ልጅ በብዛት ግቢ መግባት የጀመረችው ከዚህ ወዲህ ነው።

እርምጃው ትክክለኛ ነበር፤ አንድ ጎደሎ ግን አለው። በር ማስፋት በአንድ መመሪያ ይሆናል፤ ውስጥ ማጽናት ግን የየቀን ሥራ ይፈልጋል። ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣች ልጅ እንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አስተርጓሚ የምትሰማው ሌክቸር ላይ ነው። ቤተ ሙከራ አይታ አታውቅም፤ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ማታ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ ክፍሏ ስትመለስ መንገዱ ጨለማ ነው፤ ስለዚህ ወንዱ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያነብ እሷ በጊዜ ትነሣለች። በዚህ ላይ «አፈርማቲቭ ናት» የሚል ስም ይለጠፍባታል። ነጥቧ ከማንም ያላነሰውን ጭምር አንድ ላይ ይጠሯታል። እጇን አውጥታ ብትጠይቅ ስሙን የምታረጋግጥ ይመስላታል፤ ዝም ትላለች። ዝም ስትል ያልገባት ይከማቻል፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ማስጠንቀቂያ ይደርሳታል። ብዙ ልጆች የሚባረሩት በዚህ መንገድ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቹ የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤት አቋቁመዋል፤ ለሴት ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። በጎ ነው። ነገር ግን «የሴቶች ቱቶሪያል» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ መምጣት ራሱ ደካማነትን ማመን የሚመስላቸው አሉና ክፍሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። የሚሠራው ሌላ ዓይነት ነው። ሦስተኛ ዓመት የደረሰች እህት አዲስ ገቢዋን «ነይ አብረን እንቀመጥ» ስትላት ማንም ደካማ አይባልም። አብሮ ማንበብ እንጂ መረዳት አይሆንም፤ የምታስረዳውም ታተርፋለች፤ ለሌላ የምታስረዳው ነገር ከአእምሮዋ አይጠፋም።

የትነበርሽ ንጉሤ

ከላይ የተባሉትን ሦስቱንም በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ለሚፈልግ የወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ ታሪክ አለ። ወሎ፣ ሳይንት ተወለዱ። በአምስት ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። እናታቸውና አያታቸው ትምህርት እንዲያገኙ ቆርጠው ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገቡ። እሳቸው ራሳቸው በአደባባይ ደጋግመው እንደተናገሩት፣ ዓይነ ስውርነታቸው በአካባቢያቸው ከተለመደው ያለ ዕድሜ ጋብቻ አተረፋቸው፤ ማንም ለልጁ አልጠየቃቸውምና። ቀጥሎ አዲስ አበባ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ልጆች ጋር ተማሩ።

እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሲገቡ፣ በዚያ ትምህርት ክፍል ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓይነ ስውር ሴት ተማሪዎች አንዷ ነበሩ። የሕግ መጽሐፍ በብሬል እንደ ልብ አይገኝም፤ ዓይነ ስውር ተማሪ የሚያነብለት ጓደኛ ወይም የተቀዳ ካሴት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለእነሱ አብሮ ማጥናት ምርጫ አልነበረም፤ ያለ ጓደኛ መማር አይቻልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ትምህርቷን ብቻ ብትይዝ ይበቃታል» ይል ነበር። እሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የዩኒቨርሲቲውን የፀረ ኤድስ ንቅናቄ መሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 አካል ጉዳትንና ልማትን አስተሳስሮ የሚሠራ ማዕከል ከባልደረቦቻቸው ጋር መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሴት ተማሪዎች ማኅበር የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከሕግ በኋላ በሶሻል ወርክ ሁለተኛ ዲግሪ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጩ ኖቤል» የሚባለው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸላሚ ሲሆኑ ዕድሜያቸው 35 ነበር።

ዓመታቱን ልብ እንበል። ዓለም ያወቃቸው በ2017 ነው፤ መምራት የጀመሩት ግን ገና ተማሪ ሳሉ ነው። ሽልማቱ ላይ የተጠቀሰው ሥራ ለአካል ጉዳተኞች መብት የታገሉበት ነው፤ የትግሉ መሣሪያዎች ግን፣ ማለትም ስብሰባ መጥራት፣ ሐሳብ ማስታረቅ፣ በጀት ማቅረብ፣ ባለሥልጣን ማነጋገር፣ በግቢ ማኅበራት ውስጥ የሚለመዱ ናቸው።

እናቶቻችን የሚያውቁት

አንዳንዶቻችን ዩኒቨርሲቲ አልገባንም፤ ስለ አመራር ምን እንመክራለን የምንል እንኖራለን። ታሪክ ይህንንም ይመልሳል። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን እቁብ ሰብስበዋል፤ ዕጣ አውጥተዋል፤ የዘገየባትን በዘዴ አስከፍለዋል፤ የተጣሉትን አስታርቀዋል። በእድሩ ድንኳንና ሳህን ቆጥረው ተረክበው ቆጥረው አስረክበዋል። በየወሩ ጽዋ የሚጠጡበት ማኅበር ተራ ጠባቂ፣ ቅጣት ከፋይ፣ ሙሴ አለው። ይህ ሁሉ የአስተዳደር ዕውቀት ነው። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ይህ ዕውቀት ከእሷ ጋር አይሄድም፤ እሷ ሌክቸር ላይ የአመራር ንድፈ ሐሳብ ትማራለች፣ እናቷ በቤቷ ስለሠራችው ግን ማንም «ይህም አመራር ነው» ብሎ አይነግራትም። ሁለቱን ማገናኘት የሚችል እንደኛ ያለ ማኅበር ነው።

ለማኅበራችን የሚሆን

ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። ለደጋፊዎቻችንም የምንጠይቀው ድጋፍ ከዚህ ጋር ቢያያዝ መልካም ነው።

አንደኛ፣ የምንረዳቸው ተማሪዎች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ከሁለት በላይ ሲሆኑ ብቻቸውን አይሁኑ። ነባሯ አዲስ ገቢዋን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ትቀበላት፤ በሳምንት ሁለት ማታ አብረው ያጥኑ፤ ሲመለሱም አብረው ይመለሱ። ነባሯ ለዚህ የምትውልበት ጊዜ ዋጋ አለውና አነስተኛ የኪስ ገንዘብ ይታሰብላት። ወጪው ትንሽ ነው፤ የአንድ ተማሪ ከመጀመሪያ ሴሚስተር መባረር የሚያከስረን ግን የዓመታት ድካም ነው።

ሁለተኛ፣ በክረምት ሥራ ይለማመዱ። በመካከላችን መምህራን፣ ነርሶች፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ ሱቅና ምግብ ቤት ያላቸው፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠሩ አሉ። እያንዳንዳችን አንዲት ተማሪ ለስድስት ሳምንት አጠገባችን ብናስቀምጥ፣ ደብዳቤ ስትጽፍ፣ ደንበኛ ስታስተናግድ፣ መዝገብ ስታመሳክር ብናያት፣ ስትመረቅ «የሥራ ልምድ» በሚለው መስመር የምትጽፈው ይኖራታል። መሥሪያ ቤት የሚያስገባ ዘመድ ለሌላት ዘመዷ እኛ እንሁን።

ሦስተኛ፣ ኃላፊነት እንስጣቸው። በስብሰባችን ላይ ተማሪዎቹን የምናየው ብዙ ጊዜ ቡና ሲያፈሉና እንግዳ ሲያስተናግዱ ነው። ቡናውን ማንኛችንም እናፍላው። እነሱ ቃለ ጉባኤ ይጻፉ፤ የአንድ ስብሰባ አጀንዳ አዘጋጅተው ይምሩ፤ ከገንዘብ ያዣችን ጋር ተቀምጠው የዓመቱን ሒሳብ ያስታርቁ፤ ለደጋፊዎች የሚቀርበውን ሪፖርት ቆመው ያቅርቡ። ሲሳሳቱ እዚህ ይሳሳቱ፤ እዚህ የሚያርማቸው እናትና እህት ነው።

ወይዘሮ ስንዱ ተማሪዎቻቸውን መድረክ ላይ አቆሙ፤ የጎንደሩ ኮሌጅ ነርሶቹን ከመመረቃቸው በፊት ወደ መንደር ላከ፤ ሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ለኋለኞቹ ሕግ አስለወጡ፤ የትነበርሽ ገና ተማሪ ሳሉ ማኅበር መሩ። እነዚህ ሁሉ የተገኙት በብዙ ገንዘብ አይደለም። እኛም ጠቅላላ ጉባኤው ከመድረሱ በፊት በየምድባችን ተነጋግረን፣ በክረምት ተማሪ ለመቀበል የምንችል ስማችንን ለጸሐፊዋ እናስመዝግብ። የመጀመሪያውን ዝርዝር የሚያጠናቅሩትም ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢሆኑ ሥራው ከዚያው ይጀመራል።